ሒሳብ ምን ያበላል?

በዚህ ዓምድ ከወር ወር የምንጽፈው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጾምና ጸሎት ሥርዓት፣ ስለ ባልና ሚስት ስምምነት ነው። ዛሬ ግን ከልማዳችን ጥቂት ወጣ ብለን ስለ አንድ የትምህርት ዓይነትና ከዚያ ትምህርት ስለሚገኝ የሕይወት ሙያ እንነጋገራለን። ወደዚህ ነገር ያመጣን በጥር ወር 2018 ዓ.ም. በጊንጪ ከተማ በአንድ ክርስቲያናዊ ቤት የቀረበልን ጥያቄ ነው። ጥያቄው የዚያ ቤት ብቻ እንዳልሆነ፣ በብዙ ቤቶችም በምድጃ ዙሪያ እንደሚነሣ ስለምናውቅ፣ የቤቱን ሰዎች ፈቃድ ጠይቀን፣ ስማቸውን ሳንጠራ፣ ነገሩን እንደ ሆነው እናቀርበዋለን።

ጊንጪ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የደንዲ ወረዳ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ጥቁር አፈር ነው። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ተሸክሞ ማረሻ የሚይዝ ጭቃ ይሆናል፤ በበጋ ደግሞ እየተሰነጣጠቀ ይደርቃል። ስለዚህ የአገሩ ገበሬ ጤፉን በክረምቱ መካከል፣ ሽምብራውን ደግሞ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል አፈሩ ይዞ በቆየው እርጥበት ይዘራል። መቼ እንደሚዘራ፣ ምን ያህሉን ለየትኛው እህል እንደሚሰጥ ማሰብ ለዚህ ሰው የዕለት ሥራው ነው።

በእንግድነት የተቀበሉን አባወራ እንዲህ ያሉ ገበሬ ናቸው። በቤቱ ጥግ በመደብ ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌ አባታቸው ብዙ ዘመን ያገለገሉ መሪጌታ ናቸው። ከልጆቻቸው ታላቂቱ በሒሳብ ትምህርት በማዕረግ ተመርቃ ወደ ቤቷ ተመልሳ ነበር፤ በእጅዋም ሁለት ደብዳቤዎች ነበሩ። አንደኛው በአዲስ አበባ ካለ ባንክ የመጣ የሥራ ጥሪ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ሆኖ፣ በረዳት ምሩቅነት ተቀጥራ እያስተማረች ትምህርቷን እንድትቀጥል የሚጠራ ነበር። ልትማረው የተመኘችው ኦፕቲማይዜሽንና ኮንትሮል የተባለውን የተግባራዊ ሒሳብ ክፍል ነው።

ቡና ቀርቦ ሁለተኛው እንደ ተቀዳ አባወራው እንዲህ አሉን፦ «እናንተ መጽሐፍ የምታገላብጡ ሰዎች ናችሁና ፍረዱን። ባንኩ ከወር ወር እንጀራ ያመጣል። እናቷ ታማለች፤ መድኃኒት ይገዛል። ሁለት ወንድሞቿ ገና ተማሪዎች ናቸው። የእርስዋን ትምህርት አልናቅሁም፤ ግን ንገሩኝ፣ ይህ ሒሳብ ምን ያበላል?»

ፈጥነን ለመመለስ አልደፈርንም። የሚጠይቁት ሰው ለትምህርት ጠላት ሆነው አይደለምና። ልጅን ለማስተማር በሬ የሸጠ አባት ስለ እንጀራ ቢጠይቅ መብቱ ነው። ከእኛ በፊት አፋቸውን የከፈቱት ሽማግሌው መሪጌታ ነበሩ። «ሒሳብ ከዚህ ቤት የጠፋበት ጊዜ የለም» አሉና፣ ጾመ ነነዌ ሊገባ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበርና፣ የዓመቱን ባሕረ ሐሳብ በጣታቸው ይቆጥሩልን ጀመር።

5500 ዘመነ ብሉይና 2018 ዓመተ ምሕረት ሲደመር 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህ በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ ከእርሱ 1 ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ሲባዛ 132፤ በ30 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ ይህ አበቅቴ ነው። 12 በ19 ሲባዛ 228፤ በ30 ሲገደፍ 18 ይተርፋል፤ ይህም መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በመስከረም 18 ቀን ይውላል፤ ዕለቱም እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ነውና 18ና 7 ሲደመሩ መባጃ ሐመሩ 25 ይሆናል። እንግዲህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን፣ ትንሣኤም ከዚያ በ69ኛው ቀን ሚያዝያ 4 ቀን ይውላል አሉን።

መሪጌታ ይህን ሲጨርሱ ወደ ልጃቸው ዞር ብለው፣ «የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ይህን ለቅዱስ ድሜጥሮስ ተገልጦለታል ይላል። እኔ የተማርሁት ግን በአንድ ወር አይደለም፤ ቆሎ ለምኜ፣ ደበሎ ለብሼ ነው። ያን ጊዜ አባቴ ምን ያበላል ቢለኝ ኖሮ፣ ዛሬ ይህ ደብር የጾሙን መግቢያ የሚቆጥርለት ሰው ባጣ ነበር» አሉ። ከዚህ በኋላ ልጅቱ እንድትናገር አባቷ ፈቀዱላት።

እርስዋም መጽሐፍ አላወጣችም፤ ጥቂት የሽምብራ ፍሬ ከሰፌድ አንሥታ በመደቡ ላይ ደረደረች። «አባዬ፣ የምንማረው ይህን ነው» አለች። «ስድስት ጥማድ መሬት አለህ እንበል። ለእርሻ የሚበቃህ የበሬ ጉልበት የ24 ቀን ነው እንበል። አንድ ጥማድ ጤፍ ደጋግሞ መታረስ ስላለበት 6 ቀን ይፈጃል፤ አንድ ጥማድ ሽምብራ ግን 3 ቀን ይበቃዋል። ከአንድ ጥማድ ጤፍ 5 ሺህ ብር፣ ከአንድ ጥማድ ሽምብራ 3 ሺህ ብር ይተርፍሃል እንበል። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው። እንግዲህ ምን ትዘራለህ?»

አባወራው፣ «ጤፍ ይበልጣልና ጤፍ እዘራለሁ» አሉ። እርስዋም ቆጠረችላቸው። ሁሉም ጤፍ ይሁን ቢባል የበሬው ቀን ከ4 ጥማድ አያልፍም፤ ሁለቱ ጥማድ ጦም ያድራል፤ ትርፉም 20 ሺህ ብር ነው። ሁሉም ሽምብራ ቢሆን መሬቱ ያልቃል፤ የበሬው ቀን ግን ይተርፋል፤ ትርፉም 18 ሺህ ነው። 2 ጥማድ ጤፍና 4 ጥማድ ሽምብራ ቢዘራ ግን መሬቱም የበሬውም ቀን ሳይተርፍ ሳያንስ ይዳረሳል፤ ትርፉም 22 ሺህ ይሆናል። ከዚህ የሚበልጥ አይገኝም።

«ይህንስ ያለ ዩኒቨርሲቲም እናውቀዋለን» አሉ አባወራው እየሳቁ። ልጅቱም፣ «አዎን አባዬ፣ ታውቀዋለህ። እኛ የምንጨምረው ሌላ ጥያቄ ነው። ትርፍህን የያዘው የትኛው ነው፣ መሬቱ ነው ወይስ በሬው?» አለችና እንደገና ቆጠረች። አንድ ጥማድ መሬት ቢጨመር ትርፉ ከ22 ወደ 23 ሺህ ያድጋል፤ የ3 ቀን የበሬ ጉልበት ብቻ ቢጨመር ግን ወደ 24 ሺህ ያድጋል። ስለዚህ ይህ ሰው መሬት ለመከራየት ከሚለፋ ከጎረቤቱ በሬ ለሦስት ቀን ቢለምን ይሻለዋል። ይህን ስትናገር አባወራው ዝም ብለው ፍሬዎቹን ተመለከቱ።

ኦፕቲማይዜሽን ማለት እንግዲህ ይህ ነው። በተወሰነ አቅም ውስጥ የሚበልጠውን መፈለግ፣ ከወሰኖቹም መካከል በእውነት የሚይዘውን ለይቶ ማወቅ ነው። ሁለት ዓይነት እህል ሲሆን በሽምብራ ፍሬ ይቆጠራል፤ ሺህ ፋብሪካና ሺህ መንገድ ሲሆን ግን ትልቅ ሊቅነት ይጠይቃል። በሌኒንግራድ ይኖር የነበረው ሊዮኒድ ካንቶሮቪች እ.ኤ.አ. በ1939 የእንጨት ፋብሪካ ሰዎች እንጨቱን በየመኪናው እንዴት እናከፋፍል ብለው በጠየቁት ጥያቄ ተነሥቶ የዚህን ትምህርት መሠረት ጣለ። አሜሪካዊው ጆርጅ ዳንዚግም እ.ኤ.አ. በ1947 እንዲህ ያለውን ስሌት ደረጃ በደረጃ የሚፈታ ሲምፕሌክስ የተባለ ዘዴ አወጣ። ካንቶሮቪችም ከሌላው ሊቅ ከቻሊንግ ኩፕማንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1975 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ሁለተኛው የትምህርቱ ክፍል ኮንትሮል ሲስተም የሚባለው፣ በአማርኛችን የመቆጣጠሪያ ሥርዓት ልንለው የምንችለው ነው። ይህንም እናቶች ሁሉ በየምድጃቸው ያውቁታል። እንጀራ የምትጋግር ሴት ምጣዱን አይታ እሳቱን ትገዛለች። ምጣዱ ሲበርድ እንጨት ትገፋለች፤ ሲግል ትስባለች። ውጤቱን አይቶ ሥራን ማረም ይህ ነው። ልምድ የሌላት ልጅ ግን ምጣዱ እስኪግል አትታገሥም፤ እንጨቱን በአንድ ጊዜ ታጎርበታለች፤ ሙቀቱ ዘግይቶ ሲመጣ እንጀራው ያራል፤ ደንግጣ ሁሉንም ስትስብ ደግሞ ይበርዳል። እርማት ያለ ልክ ሲሆንና ጊዜውን ሳይጠብቅ ሲመጣ ራሱ ጥፋት ይሆናል። ጄምስ ዋት እ.ኤ.አ. በ1788 ለእንፋሎት ሞተር ፍጥነቱን ራሱ የሚያርም መሣሪያ ሲያበጅ፣ ቆየት ብሎም አንዳንዱ መሣሪያ እያረመ ሳለ ሞተሩን ሲያናውጠው ታየ። ጄምስ ክላርክ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1868 ባወጣው ጽሑፍ ይህ ለምን እንደሚሆን በሒሳብ አስረዳ።

ከቅዱስ መጽሐፍም ምሳሌ አለን። ዮሴፍ በግብፅ ምድር የሰባቱን የጥጋብ ዓመታት መከር አምስተኛውን እጅ አስቀምጦ ለሰባቱ የረሃብ ዓመታት ሲያቆይ፣ ዛሬ ምን ያህሉ ይበላ፣ ምን ያህሉስ ይቆይ የሚለውን ጥያቄ ነበር የፈታው። ጥበቡ ከእግዚአብሔር ነው፤ ሥራው ግን መስፈሪያና ጎተራ ያስፈልገው ነበር።

ይህ ጥያቄ ዛሬም ከጊንጪ ሰዎች ደጅ አልራቀም። የአዋሽ ወንዝ የሚነሣው በዚያው በደንዲ ደጋ፣ በጊንጪ አቅራቢያ ነው። ከዚያ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ባሕርም ሳይደርስ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ያበቃል። በመንገዱም እ.ኤ.አ. በ1960 የተመረቀው የቆቃ ግድብ ይይዘዋል፤ ከዚያ በታች የወንጂና የመተሐራ የሸንኮራ እርሻዎች ይጠጡታል። ግድቡን የሚጠብቅ ሰው በክረምት የሚጨነቀው በሁለት ነገር ነው። ውሃውን አብዝቶ ቢለቅ በበጋ ለመብራትና ለመስኖ ያጥረዋል፤ አብዝቶ ቢይዝ ድንገተኛ ጎርፍ ሲመጣ ማቆያ ቦታ ያጣል። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አዋሽ ሞልቶ በአፋር ብዙ ሺህ ሕዝብ ከቤቱ እንዳፈናቀለ እናስታውሳለን። ስለ ዝናቡ በእርግጥ ሳያውቁ ዛሬ ስንት ይለቀቅ ብሎ መወሰን የመቆጣጠሪያ ሒሳብ ዋነኛ ጥያቄ ነው። ልጅቱ ለአባቷ፣ «ከማሳችን ሥር የሚወርደው ውሃ አፋር ሲደርስ ወይ እንጀራ ወይ መከራ ይሆናል» ያለችው ይህን አስባ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ፣ ይህ ሁሉ የውጭ ሰዎች ሥራ አይደለምን፣ በእኛ አገርስ ማን ይሠራበታል ይለን ይሆናል። ሥራው ካለ ቆይቷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ለብዙ ጊዜ ያስተማሩት፣ በኋላም ወደ ቦትስዋና የሄዱት ሰሙ ምትኩ ካሳ ዋና ጥናታቸው በኦፕቲማይዜሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከባልደረባቸው ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ ስለ ተላላፊ በሽታ መርምረዋል። ሰዎች በሽታው ሲበረታ ራሳቸውን መጠበቅ እንደሚጀምሩ በስሌቱ ውስጥ አግብተው፣ የመከላከያው ጥረት እንዴት ቢከፋፈል ይበልጥ እንደሚጠቅም ፈለጉ። በዚያው ዓመት በአዳማ የሚያስተምሩት ለገሰ ለሜቻ ኦብሱ ከእርሳቸውና ከሁለት የአውሮፓ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ስለ መኪና አደባባይ አንድ ጥናት አወጡ። ወደ አደባባዩ የሚገባውና በአደባባዩ የሚዞረው መኪና ቅድሚያውን በምን ያህል ቢካፈሉ የጉዞውና የመጠበቁ ጊዜ እንደሚያንስ የሚያሰላ ነው። በአዲስ አበባ አደባባዮች ጠዋት ጠዋት ቆሞ የሚውል ሰው የዚህን ጥያቄ ጥቅም ለማወቅ መምህር አያስፈልገውም። እኚሁ መምህር የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2020 በሽታው የሚተላለፍበትን አደጋ በመቆጣጠሪያ ሒሳብ ስለ መቀነስ ከሌላ ኢትዮጵያዊ ጋር ጽፈዋል።

ስለ ሙያው ስንናገር ግን ማር ብቻ አንቀባም። መንገዱ ረጅም ነው። ከመጀመሪያው ዲግሪ በኋላ ሁለተኛው ሁለት ዓመት ያህል፣ ሦስተኛው ደግሞ አራት ዓመትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ረዳት ምሩቅ፣ ሌክቸረር፣ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ፕሮፌሰር እየተባለ በየደረጃው ሲወጣ፣ ደረጃው የሚገኘው በማስተማርና በሌሎች ሊቃውንት ተመርምሮ በሚታተም ጽሑፍ ነው። አንድ ጽሑፍ ዓመት ሙሉ ተለፍቶበት ተመላሽ ሊሆን ይችላል። የመምህሩ ደመወዝ ብዙውን ጊዜ ከባንክ ሠራተኛው ያነሰ ነው። ከዚህም የተነሣ ብዙዎች ወደ ውጭ አገር ይሄዳሉ፤ ቤተሰብም ልጁን በስልክ ብቻ ያያል። ይህን ለአባወራው አልደበቅናቸውም።

ነገር ግን ረጅም መንገድ ለምዕራብ ሸዋ ሰው እንግዳ አይደለም። ከጊንጪ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ በምትገኘው በወሎንኮሚ በአንዲት የሣር ጎጆ፣ ከእናቱ ጋር ያደገ ልጅ ነበረ። ለትምህርት 20 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ፣ ሳምንቱን እዚያው ሰንብቶ ዐርብ ወደ እናቱ ይመለስ ነበር። ይህ ልጅ በማሽላ ዘር ምርምር እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ናቸው። የእርሳቸው ትምህርት ሌላ ነው፤ እኛ የምናስታውሰው ግን ያቺን እናት ነው። ልጁ በእግሩ ሲሄድ ምን እንደሚያበላ አታውቅም ነበር፤ ሆኖም ላከችው።

ስለ እናት ከተነሣ፣ በመቆጣጠሪያ ሒሳብ ታሪክ ውስጥ ሳትጠራ የማትታለፍ አንዲት እናት አለች። በሞስኮ እ.ኤ.አ. በ1908 የተወለደው ሌቭ ፖንትሪያጊን 14 ዓመት ሲሆነው የጋዝ ምድጃ ፈንድቶበት ዓይኑ ጠፋ። እናቱ ታትያና አንድሬየቭና በልብስ ስፌት የምትኖር፣ ከፍተኛ ሒሳብ ያልተማረች ሴት ነበረች። ልጇ ሒሳብ መማር በፈለገ ጊዜ መጻሕፍቱን በየቀኑ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብለት ጀመር። የምልክቶቹን ስም ስለማታውቅም መልካቸውን እያየች፣ ይህ ጭራው ወደ ታች ነው፣ ያ ጭራው ወደ ቀኝ ነው እያለች ትነግረው ነበር። እርሱም በዚያ ድምፅ ተምሮ ሊቅ ሆነ። ከመካከለኛ ዕድሜው በኋላም ወደ መቆጣጠሪያ ሒሳብ ዞሮ፣ ከተማሪዎቹና ከባልደረቦቹ ጋር የማክሲመም መርሕ የተባለውን ሕግ አወጣ። አንድን ነገር፣ አውሮፕላንም ይሁን ሌላ መሣሪያ፣ ከመነሻው እስከ መድረሻው በሚሻለው መንገድ ለመምራት በየቅጽበቱ ምን ማድረግ እንደሚገባ የሚያስረዳ ሕግ ነው። ዛሬ በአዳማ ስለ ወረርሽኝ የሚጻፈው ስሌት ሳይቀር በዚህ ሕግ ላይ የቆመ ነው። ያቺ ልብስ ሰፊ እናት ያነበበችውን አልተረዳችውም፤ ነገር ግን ያለ እርስዋ ንባብ ይህ ሁሉ ባልተገኘ ነበር።

ይህን ስንተርክ የቤቱ እመቤት ከታመሙበት አልጋ ሆነው ይሰሙን ነበርና፣ «እኔስ ማንበብ አልችልም» አሉ በቀስታ። መሪጌታም፣ «ከማንበብ የሚበልጠውን አድርገሻል፤ አላስቆምሻትም» ብለው መለሱላቸው።

እንግዲህ ፍረዱን የተባልነው እኛ ነበርንና አንድ ነገር መናገር ግድ ሆነብን። ልጅቱን ዩኒቨርሲቲ ትሂድ፣ ወይም ባንክ ትግባ ብለን አልፈረድንም፤ የቤት ፍርድ የቤቱ ነውና። ነገር ግን ከእርስዋ በተማርነው መንገድ ሦስት ጥያቄ ጠየቅን።

መጀመሪያ፣ የምትፈልጉት ምንድን ነው? አልናቸው። ሒሳብ የሚበልጠውን ያገኛል እንጂ ምን እንደሚወደድ አይነግርም። ግቡን የሚያስቀምጠው ሰው ነው፤ የሰውንም ልብ የሚያቀናው እግዚአብሔር ነው። አባወራው ጥቂት አስበው፣ «ልጆቼ ሁሉ በየመክሊታቸው እንዲቆሙ፣ ሚስቴም ሳትሠቃይ እንድትታከም ነው» አሉ። የባንኩን ደመወዝ አልጠሩም፤ ደመወዙ መንገድ እንጂ ግብ አልነበረምና።

ሁለተኛ፣ የያዛችሁ የትኛው ወሰን ነው? አልናቸው። አስቀድመው ሁሉም ነገር አንቆ የያዛቸው መስሏቸው ነበር። አንድ በአንድ ሲቆጠር ግን እህሉ ከዓመት ዓመት ያደርሳል፤ የታናሹ ልጅ ትምህርት በጊንጪ ነውና ብዙ አያስወጣም። የያዛቸው የእናቲቱ መድኃኒትና፣ በአምቦ ቤት ተከራይቶ የሚማረው የታላቁ ወንድ ልጅ ወጪ ነው። የወንድ ልጁ ወጪ ደግሞ መልቀቂያ ፈተናውን እስኪወስድ የአንድ ዓመት ተኩል ነገር ነው። እንግዲህ የአንድ ዓመት ተኩል ችግር የሠላሳ ዓመት ሙያ ሊወስን ነበር ማለት ነው። በሬ ለሦስት ቀን መለመን ሲበቃ መሬቱን ሁሉ መሸጥ እንደ ማለት ነው።

ሦስተኛውን ጥያቄ የጠየቀችው ልጅቱ ራስዋ ናት። ስለ አደባባይ ስናወራ፣ «የሁሉም የመጠበቅ ጊዜ ተደምሮ ሲያንስ ስሌቱ ያማረ ይመስላል። ነገር ግን ድምሩ እንዲያንስ ተብሎ አንዱ መንገድ ብቻ ሁልጊዜ ቆሞ እንዲጠብቅ ሊደረግ ይችላል። እንዲህ እንዳይሆን የማንም መጠበቅ ከዚህ አይለፍ ብሎ አስቀድሞ ወሰን ማኖር የሒሳቡ ሠሪ ኃላፊነት ነው» ብላ ነበር። ወደ አባቷም ዞራ፣ «አባዬ፣ እኔ ልርዳችሁ እፈልጋለሁ። ግን የቤታችን መንገድ ሁሉ እንዲያልፍ እኔ ብቻ እስከ መቼ ልቁም?» አለች። በቤቱ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ዝምታ ሆነ። በብዙ ቤቶቻችን ታላቅ እህት የምትቆመው እንዲህ ነውና፣ እኛም አንገታችንን ደፍተን ሰማን።

በዚያ ምሽት የተደረገው ስምምነት እንዲህ ነው። ልጅቱ የዩኒቨርሲቲውን ጥሪ ትቀበላለች፤ ከረዳት ምሩቅነት ደመወዟም የተወሰነውን ክፍል በየወሩ ለቤት ትልካለች። በአዲስ አበባ የሚኖሩት የእናቲቱ ወንድም በስልክ ተጠይቀው የመድኃኒቱን ወጪ ለአንድ ዓመት ተኩል ሊሸከሙ ቃል ገቡ። በአምቦ ያለው ልጅ የኪራዩን ቤት ትቶ ከዘመድ ቤት ይጠጋል። በየዓመቱም ከትንሣኤ በኋላ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ነገሩን ይመረምራል፤ የጎደለውን ይሞላል፤ የበዛውን ይቀንሳል። ይህን የመጨረሻውን ያመጡት አባወራው ናቸው፤ «እንደ ምጣዱ እናየዋለን፤ ሳያር፣ ሳይበርድ» አሉ።

ይህ ቤተሰብ ያገኘው መፍትሔ ለሁሉ ቤት የሚሆን አይደለም። ዘመድ የሌለው ቤት አለ፤ የእናቲቱ ሕመም የማይጠብቅበት ቤት አለ። እንዲህ ባለው ቤት ልጅ ባንኩን ቢመርጥ ወይም ትምህርቱን ለጥቂት ዓመታት ቢያቆይ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ወሰን ኃጢአት አይደለምና። የምናሳስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናንተ አባቶችና እናቶች የልጃችሁን መንገድ ከመዝጋታችሁ በፊት፣ የያዛችሁ ወሰን የትኛው እንደሆነና እስከ መቼ እንደሚቆይ ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩ። ግንብ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቈጥር ጌታችን ያስተማረው ሥራው እንዲፈጸም እንጂ እንዲቀር አይደለም። እናንተም ወጣቶች ሆይ፣ የመረጣችሁትን ትምህርት ለአባታችሁ በማሳው፣ ለእናታችሁ በምድጃዋ ቋንቋ መናገር ተማሩ። ሊያስረዱት ያልቻሉትን ነገር ሌላው ባይረዳው አይፈረድበትም።

ይህን ዓምድ ልንዘጋ ስንል ከጊንጪ ስልክ ተደወለልን። ልጅቱ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄዳ ማስተማር ጀምራለች። እናቲቱ መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ፤ ገና አልበረታባቸውም። አባወራው ደግሞ ጥያቄያቸውን ትንሽ ለውጠው ጠየቁን፦ «ለመሆኑ ለዘንድሮ ክረምት ስንት ጥማዱን ጤፍ ላድርገው?» አሉ። እኛም ልጅዎን ይጠይቁ አልናቸው።

አምላከ ቅዱሳን የልጆቻችንን መክሊት ያብዛልን፤ ለአባቶችና ለእናቶችም የሚቈጥሩበትን ልቡና ይስጥልን፤ አሜን።